ያረጀ ህትመት የሚመስል ወፍራም ፎንት፦ ጭረቱ ምክንያት ይኑረው

ወፍራም፣ ጠርዙ የተላላጠ፣ በአሮጌ ማሽን የታተመ የሚመስል ፎንት በጣም እወዳለሁ። ፖስተር ላይ ሲወጣ ከሩቅ ይጣራል። ሰው በእጁ ቀለም ቀብቶ የተጫነው ይመስላል። የሙዚቃ ዝግጅት ፖስተር፣ የቲሸርት ጽሑፍ ወይም የመጽሐፍ ሽፋን ሲመጣልኝ መጀመሪያ የምሞክረው እሱን ነው።

ግን ይህ ዓይነት ፎንት አንዱ ሥራ ላይ ግሩም ሆኖ ይወጣል፤ ሌላው ላይ ቆሻሻ የነካው ይመስላል። ፎንቱ ያው አንድ ነው። ለምን እንዲህ እንደሚሆን የገባኝ እውነተኛ አሮጌ ህትመቶችን በአጉሊ መነጽር ቀረብ ብዬ ማየት ስጀምር ነው። እዚያ ላይ ያለ ነጭ ነጠብጣብ ሁሉ ምክንያት አለው። ወይ እንጨቱ ተመትቷል፣ ወይ ቀለሙ አልደረሰም፣ ወይ ወረቀቱ ጎርብጧል። ዓይናችን ምክንያቱን በስም ባያውቀውም ይለየዋል። ስለዚህ ይህን መልክ ለምትሞክሩ ሁሉ የምነግራችሁ ነገር አንድ ነው፤ የምታስገቡት ጭረት ከየት እንደመጣ ማወቅ አለባችሁ።

ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ። ድሮ ትልልቅ የማስታወቂያ ፊደላትን ከብረት መሥራት አስቸጋሪ ነበር። ብረቱ ይከብዳል፣ ይወደዳል፣ ቀልጦ ሲቀዘቅዝም ፊቱ እኩል አይወጣም። እ.ኤ.አ. በ1827 ኒውዮርክ ውስጥ ዳሪየስ ዌልስ የተባለ አታሚ የእንጨት ፊደል በብዛት ለመቅረጽ የሚያስችል ማሽን ሠራ። በሚቀጥለው ዓመት የእንጨት ፊደላት ካታሎግ አወጣ። በ1834 ደግሞ ዊልያም ሌቨንወርዝ ፓንቶግራፍ ጨመረበት። ፓንቶግራፍ አንድን ሞዴል እየተከተለ በተፈለገው መጠን አሳንሶ ወይም አሳድጎ የሚቀርጽ መሣሪያ ነው። ከዚያ ወዲህ የመንገድ ፖስተር በወፍራም የእንጨት ፊደል ተጥለቀለቀ። ዛሬ ቪንቴጅ (የድሮ ዘመን) የምንለው መልክ በአብዛኛው ከዚያ የወረስነው ነው።

የፊደሉ እንጨት በአብዛኛው ሜፕል ነበር። የሚቆረጠውም ግንዱን በቁመቱ በመሰንጠቅ ሳይሆን አግድም በመቁረጥ ነው። ፊደሉ የሚቀረጸው የግንዱ ቀለበት በሚታይበት ፊት ላይ ነበር። ያ ፊት ጥቅጥቅ ያለና ጠንካራ ነው። ይህ ዝርዝር ለዲዛይነር ትልቅ ጥቅም አለው። ብዙ ፎንቶች «የእንጨት ህትመት» ተብለው ይመጡና ፊደሉ ላይ እንደ ጣውላ ረጃጅም መስመር ይሰነዝሩበታል። ያ መልክ ጣውላ ላይ የተቀባና ዝናብ የላጠው የሱቅ ምልክት ነው። የታተመ ወረቀት አይደለም። ሁለቱም ያምራሉ፤ ግን አንዱን ለሌላው ካደረጋችሁት ሥራው ይዋሻል። ፖስተር ከሆነ ነጠብጣብ፣ የተመታ ማዕዘንና የሳሳ ቀለም ፈልጉ። ለበር ምልክት ከሆነ ረጃጅሙ መስመር ይሁን።

ቀለሙም የራሱ ጠባይ አለው። የተቀባ ፊደል ወረቀት ላይ ሲጫን ቀለሙ ወደ ጠርዝ ይገፋል። ስለዚህ ጠርዙ ላይ ጠቆር ያለ ክር ይታያል፤ ውስጡ ትንሽ ይሳሳል። ቀለም ካነሰ ደግሞ የፊደሉ ሆድ ጨው የተነሰነሰበት ይመስላል። የወረቀቱ ጎድጓዳ ቦታ ቀለም ስለማይነካው ነው። የፊደሉ ቁመትም ወሳኝ ነው። በአሜሪካና በእንግሊዝ የህትመት ፊደል ከመሠረቱ እስከ ፊቱ 0.918 ኢንች፣ ማለትም 23.3 ሚሊ ሜትር ያህል ይቆማል። ብዙ ያገለገለ ፊደል ፊቱ ያልቅና ከጎረቤቶቹ ዝቅ ይላል። ያኔ እሱ ብቻውን ገርጥቶ ይወጣል። አታሚዎች ከሥሩ ስስ ወረቀት እየደረቡ ከፍ ያደርጉት ነበር። እኛ የምንወደውን መልክ እነሱ ለማጥፋት ነበር የሚለፉት።

ሆን ብሎ ማስረጀትም ቢሆን የኮምፒውተር ዘመን ፈጠራ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ባርንሃርት ብራዘርስ ኤንድ ስፒንድለር የተባለው የአሜሪካ ፊደል አምራች ጠርዙ የተበላ የሚመስል የብረት ፊደል ሸጧል። ዛሬ ያ ፊደል ካዝሎን አንቲክ በሚል ስም ይታወቃል።

አሁን ወደ ሥራው። አዲስ ፎንት ሳወርድ ከሁሉ በፊት የማየው መንትያ ፊደላትን ነው። አንድ ዓይነት ፊደል ሁለት ጊዜ ጎን ለጎን የሚገባበት ቃል እጽፋለሁ። ሁለቱ ፊደላት ላይ ያለው ጭረት አንድ ቦታ፣ አንድ ቅርጽ ከሆነ ነገሩ አበቃ። በእውነተኛው ህትመት ሁለቱ ፊደላት ሁለት የተለያዩ የእንጨት ቁራጮች ናቸው። እያንዳንዱ የራሱ ጠባሳ አለው። ተመሳሳይ ጠባሳ ሁለት ጊዜ ካየን ኮምፒውተር እንደሠራው ወዲያው እናውቃለን።

ጥሩ ፎንት ሠሪዎች ይህን ያውቃሉ። ለአንድ ፊደል ሁለት ሦስት መልክ ያዘጋጃሉ። በላቲን (እንግሊዝኛ በሚጻፍበት ፊደል) ፎንት የተለመደው መንገድ አንዱን መልክ ትልቁ ፊደል ላይ፣ ሌላውን ትንሹ ፊደል ላይ ማስቀመጥ ነው። ሁለቱም ትልቅ ፊደል ሆነው ይታያሉ፤ ጭረታቸው ግን ይለያያል። ስለዚህ ትልቁንና ትንሹን እያፈራረቃችሁ ጻፉ። የተሻሉት ደግሞ ኮንቴክስቹዋል ኦልተርኔትስ የሚባለውን፣ ኦፕንታይፕ በተባለው የፎንት ፋይል ዓይነት ውስጥ ያለውን ችሎታ ይጠቀማሉ። ፎንቱ ራሱ ጎረቤቱን አይቶ መልኩን ይቀይራል። ኢሉስትሬተርና ፎቶሾፕ ላይ ከፊደል ማስተካከያው መስኮት ማብራት ይቻላል። ዎርድ ላይም አለ፤ የፎንት መስኮቱ ውስጥ ገብታችሁ ምልክት ማድረግ ብቻ ነው። ፎንቱ ምንም አማራጭ ከሌለው ጽሑፉን ወደ ቅርጽ ቀይሩና አንዱን ፊደል በእጃችሁ አስተካክሉት። አንዱን ጭረት ደፍናችሁ ሌላ ቦታ አዲስ ክፈቱ።

ቀጥሎ መጠን ነው፤ ሰው ብዙም የማያስበው። ፎንቱ ውስጥ ያለው ነጠብጣብ ከፊደሉ ጋር አብሮ ያድጋል፣ አብሮ ያንሳል። ርዕሱ 200 ፖይንት (የፊደል መጠን መለኪያ)፣ ንዑስ ርዕሱ 40 ፖይንት ከሆነ የአንዱ ነጠብጣብ የሌላውን አምስት እጥፍ ይሆናል። እውነተኛው ወረቀት ግን ጎርበጥባጣነቱ አንድ ነው። ትልቅ ፊደልም ትንሽ ፊደልም ያው ወረቀት ላይ ነው ያረፈው። ስለዚህ እኔ ያረጀውን ፎንት አንድ መጠን ላይ ብቻ እጠቀማለሁ፤ ዋናው ርዕስ ላይ። ሌላውን በንጹህ ፎንት እጽፍና ሁሉም ላይ አንድ ወጥ የወረቀት ሸካራነት እደርባለሁ። ያኔ ገጹ በአንድ ጊዜ የታተመ ይመስላል። ፊደሉን ወደ ጎን መለጠጥም አይሆንም። ነጠብጣቡ አብሮ ይለጠጥና እንደ ጅራት ይረዝማል። ሰፊ ፊደል ከፈለጋችሁ ሰፋ ተደርጎ የተሳለ ፎንት ፈልጉ።

አሁን በጣም ወደምጨነቅበት ነገር ልምጣ፤ ወደ ፊደላችን። እነዚህ ፎንቶች ከሞላ ጎደል ሁሉም የላቲን ናቸው። አማርኛ ስንጽፍባቸው ኮምፒውተሩ ሌላ ፎንት ያመጣል ወይም ባዶ ሳጥን ይሰጠናል። የግዕዝ ፊደል ግን ለህትመት እንግዳ አይደለም። በግዕዝ ፊደል የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1513 ሮም ውስጥ ነው የወጣው። አምስት መቶ ዓመት ያለፈው የህትመት ታሪክ ያለው ፊደል ነው። ያረጀ መልክ ይገባዋል፤ ያምርበታልም።

ለምን ብዙ እንዳልተሠራ መገመት አያዳግትም። ላቲን በትልልቁ ፊደል ብቻ ከሆነ 26 ቅርጽ ነው። ለእያንዳንዱ ሦስት መልክ ብናዘጋጅ 78 ይሆናል። የአማርኛ መሠረታዊ ፊደላት 33 ሆነው በሰባት ሲባዙ 231 ናቸው። በሦስት መልክ 693። ዲቃላዎቹና ሥርዓተ ነጥቡ ገና አልተቆጠሩም። ለአንድ ሰው ከባድ ሥራ ነው። ስለዚህ ሙሉ ፎንት እስኪመጣ አልጠብቅም። የምፈልገውን ቃል ብቻ በንጹህ ወፍራም ፎንት እጽፍና እኔው አስረጀዋለሁ።

እዚህ ላይ ግን ላቲን ላይ የሌለ አደጋ አለ። የላቲን ፊደል ከጎኑ ትንሽ ቢቆረስ ያው ይነበባል። የእኛ ፊደል ግን ድምፁን የሚለየው ብዙ ጊዜ በትንሽ ቅጥያ ነው። «ቡ» ወገቡ ላይ ያለችው ቅጥያ ከተላጠች «በ» ይሆናል። አንድ የስፖርት ክለብ ቲሸርት ላይ «ቡድን» ብላችሁ ጻፉና ያቺን ቅጥያ አጥፏት። «በድን» ሆኖ ይነበባል። ማንም እንዲህ ያለ ቲሸርት መልበስ አይፈልግም።

ኃምሱም ያስቸግራል። «ሌ» እግሩ ላይ ያለው ቀለበት በቀለም ከተሞላ «ሊ» ይመስላል። ጠርዙን ደፍጠጥ የሚያደርግና ቀለም የበዛበት የሚያስመስል ቴክስቸር (በፊደሉ ላይ የሚደረብ ሸካራ መልክ) ስትጠቀሙ መጀመሪያ የሚደፈነው ይህ ቀለበት ነው። አናታቸው ላይ የሚለዩም አሉ። «ሰ»ና «ሸ»፣ «ነ»ና «ኘ»፣ «ከ»ና «ኸ»። የላይኛው ጠርዝ ከተበላ «ሸራ» የሚለው «ሰራ» ይሆናል። ስለዚህ ፊደሉን ካስረጀሁ በኋላ እያንዳንዱን እየዞርኩ ቅጥያውን፣ ቀለበቱንና አናቱን በብሩሽ መልሼ እሞላለሁ። ጭረቱ ወፍራሙ እግር ላይና ሰፊው ሆድ ላይ ይሁን። እዚያ የፈለገውን ያህል ቢበላ ንባቡን አይነካም።

መንትያም በአማርኛ አይጠፋም። «አበበ»፣ «ገነነ»፣ «ከበበ»። እነዚህን ስታስረጁ ሁለቱን ፊደላት ለየብቻ ሥሯቸው።

አሠራሬን ልንገራችሁ፤ ውድ ነገር አይጠይቅም። የመነሻ ፊደሉ ወፍራም መሆን አለበት። ቀጭን ፊደል ላይ ጭረት ስታደርጉ ፊደሉ ይበጠሳል እንጂ አያረጅም። እኔ ብዙ ጊዜ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ብላክ በሚባለው ውፍረቱ እጠቀማለሁ። ፈቃዱ ነፃ ነው፤ ለንግድ ሥራም ይሆናል፣ መቀየርም ይቻላል። ቃሉን እጽፍና በፊደላቱ መካከል ያለውን ርቀት አስተካክላለሁ። የእንጨት ፊደል እያንዳንዱ በራሱ ቁራጭ ላይ ስለሚቆም ጎረቤቱ ላይ አይደረብም። ስለዚህ ፊደላቱን አላነባብርም። አንዱን ፊደል በጣም በትንሹ ከመስመሩ ዝቅ ወይም ከፍ አደርጋለሁ። ለዓይን የሚታወቅ ከሆነ በዝቷል ማለት ነው።

ከዚያ ቴክስቸሩን ራሴ እሠራለሁ። ሸካራ ወረቀት ላይ የውሃ ቀለም ወይም የማህተም ቀለም በስፖንጅ ወይም በሮለር እጫናለሁ። አንዱን በደንብ፣ አንዱን ቀለሙ ሊያልቅ ሲል፣ አንዱን ደግሞ በጣም ገፍቼ። ሲደርቅ በ1200 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች የሚገቡ ነጥቦች ብዛት) ስካን አደርጋለሁ። ፎቶሾፕ ወይም ጊምፕ ላይ ትሬሽሆልድ በሚለው ትእዛዝ ጥቁርና ነጭ ብቻ አደርገዋለሁ። ግራጫ አይተርፍም። ይህንን በፊደሉ ላይ ማስክ፣ ማለትም ከፊደሉ የሚታየውንና የሚደበቀውን የሚወስን ሽፋን፣ አድርጌ አስቀምጣለሁ። ለእያንዳንዱ ፊደል ከቴክስቸሩ የተለያየ ቦታ እወስዳለሁ፤ አንዳንዱን አዞረዋለሁ። አንዱን ፊደል ሆን ብዬ ከሌሎቹ አገረጣዋለሁ፤ ፊቱ ያለቀ እንጨት እንዲመስል። የውጭ ማዕዘኖችን በትንሹ እቆርሳለሁ። ፊደል ሲወድቅም ሲገጭም መጀመሪያ የሚመታው ማዕዘኑ ነው።

ሌላም የምወደው ዘዴ አለ። ቃሉን በትንሽ መጠን አትሙት፤ ከዚያ በከፍተኛ ጥራት ስካን አድርጋችሁ አሳድጉት። የአታሚው ማሽንና የወረቀቱ ተፈጥሯዊ ጉድለት ሁሉ ጎልቶ ይወጣል። ምንም ማስመሰል የለበትም፤ በእውነት የታተመ ነገር ነው።

መጨረሻ ላይ ወደ ቬክተር (በነጥብና በመስመር የሚሳል ምስል) ልቀይረው ካልኩ ኢንክስኬፕ በሚባለው የሥዕል ፕሮግራም ውስጥ ያለው ትሬስ፣ ማለትም ምስሉን ተከትሎ መስመር የሚስለው ትእዛዝ፣ በቂ ነው። ነጥቦቹ እንዳይበዙ ግን ተጠንቀቁ። ንጹህ ፊደል በጥቂት ነጥቦች ይሳላል። የተላላጠ ፊደል ብዙ መቶ ነጥብ ሊኖረው ይችላል። ጽሑፉ ሲረዝም ኮምፒውተሩ ይንቀራፈፋል፣ ፋይሉ ይከብዳል። ትሬስ ከማድረጌ በፊት ጥቃቅን ነጠብጣቦችን አጠፋለሁ። በዓይን የማይታይ ነጥብ ማሽን ከማድከም ሌላ ጥቅም የለውም። ለድረ ገጽ ደግሞ እንዲህ ያለ ፎንት ሙሉውን መጫን ስልክ ላይ ያስጠብቃል። ርዕሱ አንድ ቃል ከሆነ በኤስቪጂ (የቬክተር ምስል ፋይል) ማስቀመጥ ይሻላል፤ ማየት ለማይችሉ ሰዎች የሚነበብ ገላጭ ጽሑፍ አብራችሁ አስገቡ።

ማተሚያ ቤት ስትልኩ ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። አንድ ጊዜ የላክሁት ፖስተር ጭረቱ ሁሉ ተሞልቶ፣ ፊደሉ ጥርት ብሎ ታትሞ መጣ። ፋይሉን የተቀበለው ባለሙያ የተበላሸ መስሎት በቅንነት አጽድቶልኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከፋይሉ ጋር አጭር ማስታወሻ እልካለሁ፤ «ጭረቱ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፣ አትንኩት» የሚል። ንድፉ ምን መምሰል እንዳለበት የሚያሳይ ምስልም አብሬ አያይዛለሁ። ፋይሉ በጄፔግ መሄድ የለበትም። ሲጨመቅ የነጠብጣቡ ዙሪያ በግራጫ ብናኝ ይሞላል። ቬክተር ፒዲኤፍ ወይም ጥቁርና ነጭ ብቻ የሆነ 1200 ዲፒአይ ቲፍ የምስል ፋይል ንጹህ ሆኖ ይደርሳል።

ቲሸርት በስክሪን ፕሪንት (ቀለም በወንፊት ጨርቅ እየታለፈ በሚታተምበት ዘዴ) ከሆነ ከ0.35 ሚሊ ሜትር ያነሰ ነጠብጣብ አልተውም። ቀለሙ ወይ ይደፍነዋል ወይ ጨርሶ አያልፍም። ለዚያ ነው ሥራውን በሚታተምበት ልክ መጠን አድርጌ የማየው፤ ስክሪን ላይ አሳድጎ ማየት ያታልላል። ስቲከር በፕሎተር (በመቁረጫ ማሽን) የሚቆረጥ ከሆነ ይህን ፎንት እርሱት። እያንዳንዱ ነጠብጣብ አንድ ቁራጭ ነው። ማሽኑ ይቆርጠዋል፤ ከዚያ ሰው ተቀምጦ አንድ በአንድ በመርፌ ይነቅለዋል። ቶሎም ይላቀቃል። ጥልፍ ላይም አይሆንም።

ቀንና ሰዓት፣ ስልክ ቁጥር፣ አድራሻ በዚህ ፎንት አይጻፉ። 3 እና 8፣ 6 እና 8 ትንሽ ከተላላጡ ይምታታሉ። ሰው ፖስተሩን ወዶት የተሳሳተ ቀን ቢመጣ ምን ዋጋ አለው? ርዕሱ ያርጅ፤ መረጃው ንጹህ ይሁን።

ሌላው የሚያስቸግረው መደራረብ ነው። ያረጀ ፎንት፣ ከሥሩ የተጨማደደ ወረቀት፣ በላዩ የሻይ ጠብታ፣ ጠርዙ የተቃጠለ። አራቱም አንድ ላይ ሲመጡ አንዱም አይታመንም። ፎንቱ በራሱ በቂ ታሪክ ስላለው ዙሪያውን ጸጥ ማድረግ ይሻላል። ቀለሙን ግን ከድፍን ጥቁር ትንሽ ወደ ቡናማ ወይም ወደ ሰማያዊ ሳብ አድርጉት፤ መደቡም ከነጭ ወደ ክሬም። ሁለት ቀለም ካለ አንዱን በማልቲፕላይ (የታችኛው ቀለም በላይኛው በኩል እንዲታይ በሚያደርገው የመደረቢያ ምርጫ) ደርቡትና ጥቂት ያህል አንሸራቱት። ሁለት ጊዜ ማሽን ውስጥ የገባ ወረቀት እንዲህ ነው የሚመስለው።

ፈቃዱን ሳትመለከቱ ለደንበኛ አትሥሩ። በነፃ ከሚወርዱት ያረጁ ፎንቶች ብዙዎቹ «ለግል ጥቅም ብቻ» የሚሉ ናቸው። አንዳንዶቹ ደግሞ የሙከራ ስሪት ናቸው፤ ቁጥርና ሥርዓተ ነጥብ የላቸውም፤ ይህ የሚታወቃችሁ ሥራው ሊያልቅ ሲል ነው። ከዚፕ ፋይሉ ጋር የሚመጣውን የጽሑፍ ሰነድ አንብቡ። ለኮምፒውተር የተገዛ ፈቃድ ለድረ ገጽ ላይሠራ ይችላል። ሎጎ ከሆነ ደግሞ ለየብቻ ጠይቁ።

ሥራውን ከማስረከቤ በፊት ለማያውቀው ሰው አሳያለሁ። ምን እንደሚል አልነግረውም፤ ራቅ ብሎ ድምፁን አውጥቶ እንዲያነበው ብቻ እጠይቀዋለሁ። እኔ ቃሉን ስለማውቀው የጠፋ ቅጥያ አይታየኝም። እሱ ከተደናቀፈ የትኛው ፊደል ላይ እንደሆነ አይና እዚያ ላይ ያለውን ጭረት እቀንሳለሁ።

ንጹሁን ፋይልና ማስኩን ለየብቻ አስቀምጡ። ደንበኛው ከወራት በኋላ ተመልሶ አንድ ቃል እንድትቀይሩለት፣ ወይም ያንኑ ጽሑፍ ለትልቅ ባነር እንድታሳድጉለት መጠየቁ አይቀርም። ያረጀውን ፋይል በቀጥታ አታሳድጉት። ንጹሁን አውጡና በአዲሱ መጠን እንደገና አስረጁት።